ሰፊ እጅጌ ለሚሰፉ ወጣቶች

ጅማ ውስጥ የስፌት መኪና ላይ ለተቀመጣችሁ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ደንበኛው ሁሉ ስልኩን ይዞ እየመጣ የድሮ ዘመን ሰፊ እጅጌ ያለው ሸሚዝ ያዛል። እናንተም ንድፍ ፍለጋ ስትባዝኑ አያለሁ። ንድፉ ግን ቅርባችሁ ነው።

በመጀመሪያ የእናቶቻችሁን ሳጥን አስከፍቱ፤ በ1960ዎቹ የተሰፋ ሸሚዝ አይጠፋም። ከጠፋ ሰልባጅ ተራ ውረዱ። የተቀደደም ቢሆን ግዙት፣ የምትፈልጉት አቆራረጡን ነው። እጅጌውን በምላጭ ቀስ ብላችሁ ተርትሩ። ውጭው በፀሐይና በእጥበት ደብዝዞ ታገኙታላችሁ፤ ወደ ውስጥ የታጠፈው ግን የመጀመሪያ ቀለሙን እንደያዘ ነው። ሁለቱ ቀለማት የሚገናኙበት መስመር ትክክለኛው የስፌት መስመር ነው። ጨርቁን ሳትስቡ በካውያ አስተካክላችሁ ወረቀት ላይ ቅዱት። ሽብሽቡ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትንም ምልክት አድርጉ፤ ያለዚያ ብብት ስር ገብቶ ይቆረቁራል።

ዘመኑን ለዩ። በአውሮፓ በፈረንጆቹ 1895 አካባቢ ፋሽን የነበረው እጅጌ ትከሻው ላይ ተነፍቶ ከክርን በታች የሚጠብ ነበር። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በብዛት የተለበሰው ደግሞ ትከሻው ላይ ሳይነፋ ወደ ታች እየሰፋ የእጅ አንጓ ላይ የሚሰበሰብ ነው። ደንበኛዋ የትኛውን እንደምትፈልግ ሳትጠይቁ መቀስ አታንሱ።

ከዚያ በልኳ የተሰፋ ተራ ሸሚዝ ይበቃችኋል። የእሱን እጅጌ የወረቀት ንድፍ በቁመቱ ሰንጥቁት፤ ታች እንዲሰፋ ከታች ክፈቱ፣ ላይ እንዲነፋ ከላይ ክፈቱ፣ ሌላውን ጫፍ ግን አትበጥሱ። አንጓ ላይ ለሚሰበሰበው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ጨምሩ፤ ጭማሪው በክርን በኩል፣ ማለትም በትንሿ ጣት አቅጣጫ፣ በዛ ይበል። ክንድ ሲታጠፍ ጨርቅ የሚያጥረው እዚያ ነው። ትከሻው ለሚነፋው ደግሞ የሸሚዙን ትከሻ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አንገት አስጠጉ፤ አለበለዚያ እጅጌው ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ብዙ ሰፊ የሚዘነጋው ይህንን ነው፣ እኔ ግን የሥራውን ጥራት የማየው በእሱ ነው።

ውጭ ያለ ዘመድ የድሮ የወረቀት ንድፍ ከላከላችሁ ቁጥሩን አትመኑ፤ የልክ ቁጥር በየዘመኑ ተቀይሯል። የደረቱን ልክ ተመልከቱ፦ 34 ኢንች 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ለሚነፋው ፖፕሊን፣ ለሚወርደው ለስላሳ ጨርቅ ይሻላል።

ዋናውን ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት በአቡጀዲ ስፉና ደንበኛዋን አልብሱ። እጇን ወደ ላይ ታንሳ፣ ክርኗን ትጠፍ፣ ጀበና ይዛ ቡና እንደምትቀዳ ትዘርጋ። የእጅጌው ጫፍ ከአንጓዋ ወደ ክንዷ ከሸሸ ቁመት ጨምሩ፤ ሲኒው ውስጥ የሚገባ ከመሰለ ደግሞ ታችኛውን ስፋት ቀንሱና እንደገና አስለኳት።