አሁን እጃችሁ ላይ ምን መጽሐፍ አለ?

ባለፈው እትም አንድ ጥያቄ ወርወር አድርጌ ነበር። አሁን ምን እያነበባችሁ ነው? እየጣማችሁስ ነው? «መነበብ ያለበት» የሚባለውን ተዉትና ትራስ ሥር ያለውን ንገሩኝ ነው ያልኩት። ደብዳቤው ጎረፈ። ብዙዎቻችሁ ግን መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው የላካችሁልኝ። እሺ፣ ይሁን። ዛሬ እዚሁ ሀዋሳ ያላችሁትን ላስቀድም፤ የሌሎቻችሁ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጓደኞቼ በሙሉ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብበናል ይላሉ። እኔ በጀመርኩት ቁጥር መግቢያው ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። የሰብለና የበዛብህ ፍቅር ሲባል ሰምቼ ነው የገዛሁት፤ ሰብለ ግን ብፈልጋት ብፈልጋት የለችም። አሁን የያዝኩት ቀለል ያለ የፍቅር ልብ ወለድ ነው፤ ስሙን ለመጻፍ ግን አፈርኩ። ምን ይሻለኛል? (የባንክ ሠራተኛ፣ ከታቦር)

መልስ፦ ስሙን ደብቀሽ መጻፍሽ አሳቀኝ። ኧረ ምን ያሳፍራል? ደስ ካለሽ ጨርሺው፣ በሚቀጥለው ደግሞ ስሙን ላኪልኝ።

ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ ስንመጣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ «የፍቅር ታሪክ ነው» ብሎ ያሻሻጠልሽ ሰው ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለው፣ ጸሐፊው ለአንድም አፍታ የማይቸኩልበት ሥራ ነው። የሚጀምረው ከሰብለ አይደለም። ጎጃም፣ ማንኩሳ ላይ ከበዛብህ እናትና አባት፣ ከውድነሽ በጣሙና ከቦጋለ መብራቱ ነው። እነሱ እንዴት እንደተገናኙ፣ ልጁ እንዴት ለስለት እንደተሰጠ እስኪያወራልሽ ድረስ ፍቅር ፈልጎ የገባ አንባቢ በር ላይ ቆሞ ይደክመዋል። አንቺ ሰብለን ለጊዜው እርሻት። የሰው ቤት ወሬ ቡና ላይ ቁጭ ብለሽ እንደምትሰሚ ሆነሽ ግቢበት፤ በዛብህ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት እስኪደርስ ብቻ ታገሺ። ከዚያ ጉዱ ካሳ ይመጣል። እኔ በበኩሌ መጽሐፉን የምወደው ለፍቅረኞቹ ብዬ ሳይሆን ለሱ ብዬ ነው። አገሬው እብድ ነው ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ሌላው ሰው በሹክሹክታ እንኳን የማይደፍረውን አደባባይ ላይ ይናገራል። እሱ በሚናገርበት ገጽ ላይ እንቅልፍ የጣለሽ እንደሆነ ያኔ መጽሐፉን ለሌላ ሰው ስጪው፣ አልቀየምሽም።

ደግሞ ለጓደኞችሽ እንዳትነግሪ እንጂ፣ «አንብበነዋል» ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰሙት ናቸው። አለበለዚያ እናታቸው ሰምታ የነገረቻቸው። ይሄ ነውር አይደለም። ወጋየሁ ሲተርከው እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ድምፅ ነበረው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ማለት እስከዛሬ የሱ ድምፅ ነው። አንቺም ትረካውን ጀምሪውና ሲይዝሽ ወደ መጽሐፉ ተመለሺ። እነሱን ለመፈተን ካማረሽ ግን «አበጀ በለው ማነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ገበሬዎቹ በፊታውራሪ ላይ የተነሱበትን ክፍል ያላነበበ ሰው እዚያ ጋ ወሬ ይቀይራል።

ጥያቄ፦ ሁሌ እኛን ነው የሚጠይቁት። እርስዎስ አሁን ምን ይዘዋል? እውነቱን ግን። (ከአላሙራ)

መልስ፦ እውነቱን ከሆነ «ኦሮማይ»ን እንደገና ይዣለሁ። በፈረንጆቹ 2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ ወሬው በዛ፤ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ስለ በዓሉ ግርማ ማውራት ጀመሩ። እነሱ ሳይቀድሙኝ የኔን ላስታውስ ብዬ ከመደርደሪያ አወረድኩት። ይኸው ሌሊት ሌሊት እያነበብኩ ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ ሥራ እገባለሁ።

ስለዚህ መጽሐፍ ሲወራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው የደራሲው ነገር ነው። አይፈረድም። በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄዶ ያየውን ልብ ወለድ አደረገው። በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ብዙም ሳይቆይ ከመደብር ተለቀመ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ መጽሐፉን እንደ ፖሊስ ነው የሚያነበው፤ ይሄኛው እገሌ ነው፣ ያኛው ደግሞ እገሌ ነው እያለ። እኔ ግን ዘንድሮ ያንን ጨዋታ ትቼ እንደ ልብ ወለድ ብቻ ይዤው ነበር፣ እንዴት እንደሚጥም ልነግርህ አልችልም። ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ የዘመቻውን ፕሮፓጋንዳ ሊመራ ይሄዳል። እጮኛው ሮማን ኅሩይ አዲስ አበባ ቀርታለች። አስመራ ደግሞ ፊያሜታ ጊላይ አለች። እንግዲህ አስበው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ሰዎቹ ቶሎ ቶሎ ይናገራሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይዋሻሉ። አስመራን ረግጬ አላውቅም፤ ግን መንገዷንና ቡና ቤቷን አውቀዋለሁ የሚያሰኝ ነገር አለው። ከሁሉም የገረመኝ ፀጋዬ ራሱ ነው። ሥራው ሌላውን ማሳመን ነው፣ ከገጽ ወደ ገጽ ግን እሱ ራሱ የሚለውን ማመን ሲያቅተው ታያለህ፤ በዓሉ ይሄን በግልጽ ሳይነግርህ ነው የሚያሳይህ።

ቅሬታም አለኝ። ሮማን ተበድላለች። በፍቅረኛዋ ብቻ ሳይሆን በደራሲውም። ፊያሜታ ሕይወት ሞልቶባት ስትፈነጥዝ ሮማን አዲስ አበባ ቁጭ ብላ መጠበቅ ብቻ ነው የተሰጣት። ሴት አንባቢዎች፣ በዚህ ላይ የምትሉትን ጻፉልኝ።

ከ«ኦሮማይ» ጎን ደግሞ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» አለች፣ የሠዓሊው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ግጥሞች። ከመተኛቴ በፊት አንድ ግጥም፣ ከዚያ መብራት ማጥፋት። ሁለት ካነበብክ እንቅልፍ የለም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ። ዓይኔ እየደከመ ፊደሉ ይደባለቅብኛል። ልጆቼ ስልክ ላይ ትረካ ይከፍቱልኛል፣ እኔም ወጥ እያማሰልኩ እሰማለሁ። ግን «ምን እያነበባችሁ ነው?» ስትል እኔ መልስ አለኝ ወይስ የለኝም? (ከአቶቴ)

መልስ፦ እትዬ፣ እንዴታ! ወጡ እስካላረረ ድረስ አንባቢ ነዎት። አንድ ነገር ግን ልጨምርልዎ። «ትዝታ ዘአለቃ ለማ»ን ያግኙና የልጅ ልጅዎ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። አለቃ ለማ ኃይሉ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ፤ ልጃቸው ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ እያስወራቸው የነገሩትን ነው በመጽሐፍ ያወጣው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይሆን የሽማግሌ ጨዋታ ነው፤ ከጆሮ የመጣ ስለሆነ ወደ ጆሮ ሲመለስ ያምርበታል። ልጁ የማያውቀው ቃል ላይ ይቆማል፣ እርስዎ ያስረዱታል፣ እሱ ይስቃል። አስተማሪነትዎም በነፃ ይመለስልዎታል። ብቻ ልጁን በየቀኑ አያስገድዱት፣ ሲያይዎ መሮጥ እንዳይጀምር።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ውድ ነው። እኔ የማነበው ሁሉ ከቴሌግራም በፒዲኤፍ ያወረድኩት ነው። ሌባ ነኝ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ሌባ ብዬ ከፍርድ ቤት ቀድሜ አልፈርድብህም። ግን ደራሲው በሕይወት እያለ፣ መጽሐፉም መደብር ላይ እያለ፣ አንዱ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የለጠፈውን ስታወርድ ሰውየው ቀጣዩን በምን እንዲያሳትመው ነው? የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ አንተም ታውቃለህ። ዘመን ያለፈበትና የትም የማይገኝ መጽሐፍ ከሆነ ግን ብዙም አልጨቀጭቅህም። መንገድ ዳር መጽሐፍ የሚዘረጉትን ልጆች ጠይቃቸው፤ መያዣ ተቀብለው በትንሽ ብር የሚያከራዩ አሉ። ከጓደኛህ ጋር አዋጥቶ መግዛትም አለ፤ ማን ቀድሞ ያንብብ በሚለው እንዳትጣሉ እንጂ።

ጥያቄ፦ አዳም ረታን ሁሉም ሰው ያደንቃል። «የስንብት ቀለማት»ን ጀምሬ ጠፋሁ። እኔ ነኝ ደደቡ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ደደብ አይደለህም። በጣም ወፍራሙን መርጠህ ነው የገባኸው። መዋኘት የሚማር ሰው ከሐይቁ መሀል አይጀምርም።

አዳም ታሪኩን በአንድ መስመር አይነዳልህም። ራሱ «ሕጽናዊነት» የሚለው ስልት አለው፤ አንዱ ታሪክ ሌላውን ይነካል፣ እዚህ በጨረፍታ ያለፈ ሰው እዚያ ዋና ሆኖ ይመጣል። አጫጭር ልብ ወለዶቹን ካስቀደምክ ይሄን ዓመል ትለምደዋለህ፣ ከዚያ በኋላ እንዲያውም የምትፈልገው እሱን ይሆናል። «ማህሌት»ን ሞክር፤ «አለንጋና ምስር»ም አለ። ከዚያ «ግራጫ ቃጭሎች»። ቀስ ብለህ አንብብ። የሰፈር ሽታ፣ የምግብ፣ የልብስ፣ የግድግዳ ቀለም ዝርዝር ሲበዛብህ አትዝለለው፤ ሰውየው ያለው እዚያ ዝርዝር ውስጥ ነው። ያኔም ካልጣመህ ደግሞ አልጣመህም በል። አዳም ረታን ያልወደደ ሰው መታሰር የለበትም።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ ዳር የንባብ ቡድን ልንጀምር አሰብን። ሁላችንም አንድ መጽሐፍ እናንብብና እንወያይ ተባባልን፤ የሚያነበው ሰው ግን እያነሰ ነው። ምን እናድርግ? (አራት ጓደኛሞች)

መልስ፦ አንድ መጽሐፍ ለሁሉም የሚለውን ተዉት። ያ የቤት ሥራ ነው፤ የቤት ሥራ ደግሞ ሁላችንም እንዴት እንደምንሠራው ይታወቃል፣ ከጓደኛ ላይ። እያንዳንዱ የያዘውን ይዞ ይምጣ። ገጽ ስንት ላይ እንደደረሰ በሐቅ ይናገር፤ ገጽ ሃያ ላይ ከሆነ ሃያ ይበል። የወደደውን አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ከዚያ «ምን ሆነ ከዚያ?» ያለው ሰው መጽሐፉን ቀጥሎ ይዋሰው። አለቀ። ሰብሳቢ አትምረጡ፣ ቃለ ጉባኤ አትያዙ፣ «የንባብ ባህላችን» የሚል ንግግር የጀመረ ሰው የሁሉንም ሻይ ይክፈል። ሲመሽ ደግሞ ቢምቢው አያስነብብም፣ በጊዜ ጀምሩ። አሞራ ገደል በኩል ካሰባችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ዓሣ ጥብሱ ከመጣ በኋላ መጽሐፍ የሚገልጥ እጅ አይገኝም፤ መጀመሪያ ንባቡን ጨርሱ።

ጥያቄ ያልጠየቁ፣ የያዙትን ብቻ የላኩም አሉ። ተባረኩ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ተራ እየጠበቀ «ጦቢያ»ን እያነበብኩ ነው ይላል፣ ያቺን በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመችውን፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የምትባለውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ሥራ። አማርኛዋ መጀመሪያ ከብዶት ነበር፤ ልጅቷ ወንድ መስላ ስትሄድ ግን ተሳፋሪ እስከማስጠበቅ ደርሷል። አንዲት ልብስ ሰፊ ደግሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ይዛለች። እህቴ፣ ነቢይ መኮንን ያንን መጽሐፍ የተረጎመው እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ መሆኑን ካላወቅሽ አሁን እወቂ፤ ሁለተኛውን ግማሽ በሌላ ዓይን ነው የምታነቢው።

ጥያቄ፦ ልጄ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስልክ እንጂ መጽሐፍ አታይም። ምን ልግዛላት? (አባት፣ ከሰፈረ ሰላም)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት አንተ ምን እንደምታነብ አልጻፍክልኝም። እሷም ያየችው ስልክ ይዘህ ይሆናል። እዚሁ ከተማችን ውስጥ እኮ ኢትዮጵያ ሪድስ የሚባለው ድርጅት በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ነበረው፤ ልጆቹ አህያዋን አይተው እየሮጡ መጥተው መጽሐፍ ይዘው ይቀመጡ ነበር። አንተ አህያ ባይኖርህም ማታ ማታ አንድ ተረት የምታነብበት ድምፅ አለህ። ሥዕል ያለው፣ ቀጭን፣ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ምረጥ። እሷ ራሷ ትምረጥ እንዲያውም። አንዱን ወዳ በየማታው እሱን ብቻ ካለችህ አትሰላች፣ አንብብላት።

ጥያቄ፦ ያዋስኩት መጽሐፍ አልተመለሰልኝም። ጓደኛዬ በጠየቅኳት ቁጥር «እያነበብኩት ነው» ትላለች፤ ዓመት ሊሞላት ነው። ምን ላድርግ? (ከአሮጌ ገበያ)

መልስ፦ «የት ደረስሽ?» በያት እንጂ «መልሺ» አትበያት። መልስ ካላት እውነትም እያነበበች ነው፣ ትንሽ ታገሻት። ከሌላት ቤቷ ቡና ጠጪና ስትወጪ ይዘሽው ውጪ። ለሌላ ሰው አውሳው ከሆነ ደግሞ የዚያን ሰው አድራሻ ተቀበይ።