ሐሳብሽን ሳትጥዪ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር መግባባት

ጠያቂያችን ሥራ ከጀመረች ስድስት ወር ሆኗታል። መጀመሪያ ላይ በየስብሰባው ያላመነችበትን ሁሉ ትቃወም ነበር፤ በሥራ አፈጻጸም ግምገማዋ ላይ «ተግባብቶ መሥራት ይቀራታል» ተብሎ ተጻፈባት። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነገር «እሺ» እያለች ትቀበላለች። አሁን የሚያስጨንቃት «አስመሳይ እየሆንኩ ይሆን?» የሚለው ነው።

እህታችን፣ መጀመሪያ ሁሉንም ተቃወምሽ፣ ቀጥሎ ሁሉንም ተቀበልሽ። በሁለቱም ጊዜ ጉዳዮቹን አልለየሻቸውም፤ ጉዳዮቹ ግን ሦስት ወገን ናቸው።

አለባበስ፣ የሰላምታ ወግ፣ የሪፖርት ቅርጽ፣ ግልባጭ ለማን እንደሚደረግ፦ በእነዚህ ላይ እንደ ቤቱ ልማድ ሂጂ። ይህ ማስመሰል አይባልም፤ የሪፖርት ርዕስ በደማቅ ፊደል ይጻፍ ማለት እምነትሽን አይነካም። ኤድዊን ሆላንደር የተባለ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 እንዳስረዳው፣ ሰው የቡድኑን ወግ በማክበርና ሥራውን በብቃት በመሥራት አመኔታ ያጠራቅማል፤ ከብዙኃኑ ሲለይ ደግሞ ካጠራቀመው ላይ ይቀነስበታል። አዲስ ሠራተኛ ያለችውን ጥቂት አመኔታ በፊደል መጠን ክርክር ከጨረሰች፣ ዋናው ጉዳይ ሲመጣ የሚሰማት አታገኝም።

የአሠራር ምርጫ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ፣ በደንብ ተዘጋጅተሽ ተከራከሪ። አጀንዳው እንደደረሰሽ፣ የማንንም አስተያየት ከመስማትሽ በፊት፣ አራት ዓረፍተ ነገር ጻፊና ቀን አድርጊበት፦ ምን ይሻላል፣ ለምን፣ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ምን ዓይነት መረጃ ነው፣ የእኔ ሐሳብ ከቀረ ከሦስት ወር በኋላ ምን ይፈጠራል ብዬ እጠብቃለሁ። ይህችን ወረቀት አትናቂያት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረገው የታወቀ ሙከራ፣ ሰዎች የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ ሲጠየቁ ከሦስት መልስ አንዱ ያህል ሆን ብለው የተሳሳቱትን የቡድኑን አባላት የተከተለ ነበር። መልሳቸውን ለብቻቸው እንዲጽፉ ሲደረግ ግን መከተሉ በእጅጉ ቀነሰ። እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው አጠገባቸው ሲኖርም እንዲሁ።

ስለዚህ አንድ የሥራ ባልደረባ ፈልጊ። ለሐሜት እንዳይሆን ግን ተጠንቀቂ፤ «እዚህ ስሌት ላይ ተሳስቼ ይሆን?» ብለሽ ጠይቂው። ቀጥሎ ለኃላፊሽ በግል ንገሪው፤ ቢቻል ስብሰባው አንድ ቀን ሲቀረው። ከበላዮቹ ፊት ድንገት የተቃወሙት ኃላፊ ሐሳቡን ትቶ ክብሩን መከላከል ይጀምራል፤ አምስት ደቂቃ ሲቀር መንገርም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

በስብሰባው ላይ ተቃውሞሽን በቁጥር የተደገፈ ጥያቄ አድርጊው። ለምሳሌ በደንበኞች መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ስምንት ጥያቄዎች ይጨመሩ ተባለ እንበል። «ይሄ አያስኬድም» ካልሽ የሚሰማው ቁጣሽ ብቻ ነው። «አንዱን ቅጽ መሙላት አሁን 6 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከተጨመረ ወደ 9 ደቂቃ ይደርሳል። በቀን 40 ደንበኛ ስናስተናግድ 2 ሰዓት ይጨምራል። ይህን ሰዓት ከየት እናገኛለን?» ብትዪ ግን የሁሉም ጥያቄ ይሆናል።

ከተሸነፍሽ «ስጋቴን ተናግሬያለሁ፤ ውሳኔው ይህ ከሆነ እሠራዋለሁ» በዪና ከልብሽ ሥሪው። ያላመንሽበትን አምኜበታለሁ ማለት አይጠበቅብሽም። ብዙ ወጣቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ አፋቸው እሺ ይላል፣ እጃቸው ያዘግማል። ሥራው ሲበላሽ ጥፋቱ የዕቅዱ ይሁን የእነሱ አይለይም፤ ትክክል ነበሩ እንኳ ቢሆን ማስረዳት አይችሉም። በሦስተኛው ወር ወረቀትሽን አውጥተሽ ከሆነው ጋር አስተያዪ። ትንበያሽ ደጋግሞ ካልሠመረ እሱንም ተቀበዪ፤ ፈተና ያልገባ የግል ሐሳብ ቀስ በቀስ ግትርነት ይሆናል።

ሦስተኛው ወገን ሐሰተኛ ቁጥር፣ ፊርማ፣ የሰው ደኅንነትና የሰው መብት ነው። እዚህ ላይ አትተባበሪ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ፣ የአሜሪካዋን የጠፈር መንኮራኩር የቻሌንጀርን ሮኬቶች የሠራው ድርጅት መሐንዲሶች ብርዱ የመገጣጠሚያዎቹን ማሸጊያ ጎማ ያዳክመዋል ብለው ማምጠቁን ተቃወሙ። የገዛ ሥራ አስኪያጆቻቸው ምክራቸውን ሻሩት። ከመሐንዲሶቹ አንዱ፣ አላን ማክዶናልድ፣ የስምምነት ሰነዱ ላይ አልፈርምም አለ፤ አለቃው ፈረመ። በማግስቱ መንኮራኩሯ በተነሣች በ73 ሰከንድ ፈረሰች፤ ሰባት ሰዎች ሞቱ። የእሱ እምቢታ በረራውን አላስቆመውም፤ ስሙ ግን ባላመነበት ሰነድ ላይ አልዋለም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምሽ ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ። «ያላየሁትን አረጋግጫለሁ ብዬ መፈረም አልችልም፤ ማስረጃውን ካየሁ ዛሬውኑ እፈርማለሁ» በዪ። የቃል ትእዛዝ ከተሰጠሽ በዚያው ቀን በኢሜይል «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት እንዲህ እንድሠራ ተረድቻለሁ፤ ካልሆነ ያርሙኝ» ብለሽ ላኪ። ብዙ ጊዜ ትእዛዙ እዚያው ላይ ይቀየራል። ምስጢራዊ ሰነድ ገልብጦ ቤት መውሰድ ግን ራስሽን ተጠያቂ ያደርግሻል፤ የራስሽን የቀን ማስታወሻ መያዝ ይበቃል።

ስለ ግምገማው፣ ኃላፊሽን አሥራ አምስት ደቂቃ ጠይቂውና «ተግባብቶ መሥራት ይቀራታል የተባለው በየትኛው ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነው?» በዪው። መልሱን ሳትከላከዪ ጻፊው። ቅር ያሰኘው ሐሳብሽ ሲሆንና አነጋገርሽ ወይም የተናገርሽበት ሰዓት ሲሆን የምታስተካክዪው የተለያየ ነው።

የሐሰት ፊርማው ጥያቄ በየወሩ የሚመላለስ ከሆነ ግን ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ። በቃለ መጠይቅ ለምን ለቀቅሽ ሲሉሽ የቀድሞ አለቃሽን አታንሺ፤ «የማረጋግጠውን መረጃ በወቅቱ ማግኘት የምችልበት ቦታ መሥራት እፈልጋለሁ» በዪና እዚያ ላይ አቁሚ።