አምስት፣ ሰባት፣ አምስት እያልኩ ሁለት ዓመት አባከንኩ

እህቴ፣ «በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ሃይኩ በትክክል አምስት፣ ሰባት፣ አምስት አድርጌ ብልክም መጽሔቱ ሦስት ጊዜ መለሰብኝ፤ ምን ጎደለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለማያውቅ ሰው፣ ሃይኩ ከጃፓን የመጣ አጭር ግጥም ነው፤ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት የሚባለውም በሦስቱ የእንግሊዝኛ መስመሮች የሚቆጠረው ሲላብል፣ ማለትም የቃል የድምፅ ክፍል ነው። የጎደለው የለም፤ የበዛበት ነው እንጂ። ይህን የማውቀው 180 ዶላርና ሁለት ዓመት ከፍዬ ነው።

1. መቁጠሩን ተዪው። እዚህ ሜሪላንድ የማታ የሃይኩ ትምህርት ስመዘገብ አስተማሪያችን ጣቱን እያጠፈ ከመቁጠር በቀር ያስተማረን ነገር አልነበረም። አንድ ቀን «ጃፓኖች የሚቆጥሩት ሌላ ነው ይባላል» ስለው በሰው ሁሉ ፊት «አንተ መጀመሪያ እንግሊዝኛህን አስተካክል» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ልክ የነበርኩት እኔ ነኝና። ጃፓኖች የሚቆጥሩት ኦን የሚሉትን አጭር የድምፅ ምት ነው። «ስፕሪንግ» የሚለውን ቃል ውሰጂ። በእንግሊዝኛ አንድ ሲላብል ነው። ጃፓኖች ተውሰው ሲጠሩት ሱ-ፑ-ሪ-ን-ጉ፣ አምስት ኦን ይሆናል። በእኛ ፊደል ስትጽፊውም አምስት ፊደል ነው! «ሃይኩ» ራሱ ለእነርሱ ሦስት፣ ለእንግሊዝኛ ግን ሁለት ነው። ስለዚህ 17 ኦን የሚሸከመውን እንግሊዝኛ በአሥራ ሁለት ሲላብልም፣ ከዚያ ባነሰም ይጨርሰዋል። የቀረውን በምን ትሞዪዋለሽ? በቅጽል። የአሜሪካ የሃይኩ ማኅበር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ትርጓሜ 17ን ግዴታ አላደረገም።

የኔን ልንገርሽ። አንድ የክረምት ማለዳ አውቶቡስ አምልጦኝ ቆሜ ሳለ፣ አውቶቡሱ በነበረበት ቦታ ውርጩ ላይ አንድ ጓንት ወድቆ አየሁ። ቤቴ ገብቼ ስለ ብርማው ውርጭ፣ ስለ ዝምተኛው ጎዳና፣ በመጨረሻም ስለ ብቸኛው ልቤ ጻፍኩ። ቁጥሩ ድንቅ ነበር፤ አንዲት ሲላብል አልተዛነፈችም። አራት ቦታ ልኬው ከአራቱም ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቅጽሉን ሁሉ ጠርጌ፣ ልቤንም አውጥቼ ስጥለው ይህ ቀረ፦

ጽኑ ውርጭ
አውቶቡሱ በነበረበት
አንድ ጓንት

በእንግሊዝኛው ስምንት ሲላብል ብቻ ነው። መጀመሪያ የላክሁለት መጽሔት አተመው።

2. መቁረጫውን ፈልጊ። የጃፓኑ የሃይኩ ገጣሚ ባሾ እ.ኤ.አ. በ1686 በጻፈው የእንቁራሪት ግጥም «ፉሩይኬ ያ» ብሎ ይጀምራል፤ አሮጌ ኩሬ ማለት ነው። «ያ» ትርጉም የላትም፤ ግን ከአምስቱ ኦን አንዷ ሆና ትቆጠራለች፣ ግጥሙንም ለሁለት ትቆርጠዋለች። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ቃል የለውም። ሰረዝ ታደርጊያለሽ፣ ወይም መስመሩን ትሰብሪያለሽ፤ ሰረዝ ደግሞ ድምፅ የለውም። እንቁራሪቷም አንድ ትሁን ብዙ ጃፓንኛው አይናገርም፤ እንግሊዝኛ ግን ካልቆጠርኩ አልልም ይላል። እኔ «ኤ ግላቭ» ልበል «ዘ ግላቭ» እያልኩ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። «ኤ» ስል ጓንቱ ተራ ዕቃ ሆነብኝ፤ «ዘ» ስል ደግሞ አንባቢው «የቱ ጓንት?» ብሎ የሚጠይቅ መሰለኝ። «ዋን» ስል ሌላኛው ጓንት ከባለቤቱ ጋር በአውቶቡሱ ሲሄድ ታየኝ። በዚያች አንድ ቃል እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

3. ወርቁን አትቅበሪ። እኛ ሰምና ወርቅ ሲፈታ እየሰማን ስላደግን፣ ከስሩ ሌላ ነገር ያልተደበቀበት ግጥም ግጥም አይመስለንም። አንቺም እንደኔ እንደምትሆኚ አልጠራጠርም። ስለ አደይ አበባ ጽፌ ስደትን ከስሩ ቀብሬ ለአንድ መጽሔት ብልክ፣ አዘጋጁ «አደይ የማን ስም ነው?» የሚል አንድ መስመር መለሰልኝ፤ ሰላምታ እንኳ የለውም። ንቀቱ አሳዝኖኛል፤ ነገር ግን አንድ እውነት አሳየኝ። ለእኛ አደይ ሲባል ዝናቡ አብቅቷል፣ መስከረም ጠብቷል፤ ለሜሪላንድ አንባቢ ግን ባዶ ድምፅ ነው። ጃፓኖች በሃይኩ ውስጥ ወቅትን የሚጠቁሙትን ቃላት ሳይጂኪ በሚሉት መዝገብ ሰብስበዋቸዋል፤ አንባቢና ጸሐፊ ከአንድ መሶብ ይቆርሳሉ። እንግሊዝኛ በየአገሩ የተበተነ ስለሆነ ሁሉም የሚስማማበት እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ስለዚህ አደይን ከመጥራትሽ በፊት ዝናቡ ሲያባራ፣ ጭቃው ሲደርቅ አሳዪው።

ሦስቱን ግጥሞችሽን በግል መልእክት ላኪልኝ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ አያቸዋለሁ። እዚህ ግን አትለጥፊያቸው፤ በማኅበራዊ ገጽ የወጣን ግጥም እንደታተመ ቆጥረው የማይቀበሉ መጽሔቶች አሉ።