«እኛ» ስትሉ እናንተ የት ነበራችሁ?

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ለኢንተርቪው መጥቶ ፊታችን ተቀመጠ። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበርን። ሲቪው ጥሩ ነው፣ ልጁም ረጋ ያለ ነው። «በጣም አጣዳፊ ሥራ ገጥሞህ የተወጣህበትን አንድ ጊዜ ንገረን» አልኩት። የሚሠራበት ቢሮ የደንበኞች መረጃ የሚያዝበት ሲስተም ተበላሽቶ፣ መረጃው በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሶ እንደገባ ነገረን። «ተሰበሰብን፣ ሥራውን ተከፋፈልን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሠራን፣ ጨረስን» አለ። «አንተስ ምን ሠራህ?» ብዬ ደገምኩለት። ፈገግ አለና «ሁላችንም ተረባርበን ነው፤ የቡድን ሥራ ነበር» አለኝ።

ፊቴ ያለው ቅጽ ላይ «እጩው ራሱ የወሰደው እርምጃ» የሚል ሳጥን ነበር። ባዶውን ቀረ። ከአምስት ሁለት ሰጠሁት። ሥራውን ሌላ ሰው አገኘው።

ከወራት በኋላ እዚያ ቢሮ ይሠራ ከነበረ ሰው ጋር ተገናኘን። ወሬ ወሬን ሲያነሳ ስለዚያ ሲስተም ተጫወትን። ለካ መረጃውን የመለሰው ያው ልጅ ኖሯል። የመጠባበቂያ ቅጂው የት እንዳለ ያስታወሰው እሱ ነው። የጎደለውን ከወረቀት ፋይል እየለየ ያስገባውም እሱ ነው። የደከሙትን ወደ ቤት ሸኝቶ ሌሊቱን ብቻውን የተቀመጠውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ቃል ሳይነግረን ወጣ።

እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እኔም አንድ ሁለት ጥያቄ ጨምሬ መፈልፈል ነበረብኝ። ግን ልጆቼ፣ ፊታችሁ የሚቀመጥ ጠያቂ ሁሉ አይፈለፍልም። ቀጣዩ እጩ ውጭ ይጠብቃል፣ ሰዓት ይሄዳል። ጠያቂው የሰማውን ጽፎ ያልሰማውን ይተወዋል። ይህን የምጽፍላችሁ ሠርታችሁ ሳለ ያልሠራችሁ እንዳትመስሉ ብዬ ነው።

ለምን «እኛ» እንደምንል አውቃለሁ። «እኔ» ማለት ጉራ ይመስለናል። ራሱን የሚክብ ሰው አንወድም፣ ደግሞም ልክ ነን። ነገር ግን ቋንቋችን ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሠራን» እና «ሠራሁ» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። በዚያች አንዲት ፊደል ውስጥ የሁለት ቀን ድካም ሊጠፋ ይችላል። መፍትሔው የሌላውን ድርሻ መዋጥ አይደለም። ድርሻን ለይቶ መናገር ነው። «ሐሳቡን ያመጣችው ባልደረባዬ ናት፤ ለደንበኞቹ አንድ በአንድ የደወልኩት እኔ ነኝ» ብትሉ ማንም ጉረኛ አይላችሁም። እንዲያውም እንዲህ የሚል ሰው ይታመናል፤ ለሌላው የሚገባውን ሲሰጥ ሰምተነዋል፣ ስለዚህ ስለ ራሱ የሚለውንም እንቀበለዋለን።

እነዚህን ጥያቄዎች ታውቋቸዋላችሁ። «እንዲህ ያደረግክበትን ጊዜ ንገረን» ብለው ይጀምራሉ። የተቆጣ ደንበኛ፣ ያልተስማማችሁት አለቃ፣ የከሸፈ ሥራ፣ የተጣበበ ጊዜ። የባህሪ ጥያቄ ይባላሉ። ስሙ ግን አያታላችሁ፤ ጸባያችሁ ምን እንደሆነ እንድትገልጹ አይደለም የሚፈለገው። የሚፈለገው አንድ የሆነ ነገር ነው። ቀን ያለው፣ ቦታ ያለው፣ እናንተም ውስጡ ያላችሁበት።

የዚህ አጠያየቅ ሥር ሩቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጆን ፍላናጋን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ የአየር ኃይል አብራሪዎችን አመራረጥ ከሚያጠኑት አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ከበረራ ሥልጠና የተሰናበቱ 1,000 እጩዎች ለምን እንደወደቁ መዝገባቸው ታየ። የተጻፈው ምክንያት «የመብረር ተሰጥኦ የለውም»፣ «ጸባዩ አይሆንም» የመሰለ ነገር ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ማን ምን ይማራል? እነ ፍላናጋን ከዚያ በኋላ ሰዎችን «ያየኸውን አንድ ድርጊት ንገረኝ፣ ሰውዬው በትክክል ምን አደረገ?» እያሉ መጠየቅ ያዙ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1954 ጽፎ አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አሻሽሎታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ የቆዩ ጥናቶችን እንደገና ሲመዝኑ፣ ሰው ሥራው ላይ እንዴት እንደሚሆን በመተንበይ ከመመዘኛዎቹ ሁሉ ቀድሞ የተገኘው ሥርዓት ያለው ቃለ መጠይቅ ነው። ለሁሉም እጩ ተመሳሳይ ጥያቄ የሚቀርብበት፣ መልሱም በነጥብ የሚለካበት ማለት ነው። ስለዚህ «ምን ያደርግላቸዋል ይህ ሁሉ ጥያቄ» ብላችሁ አትናቁት። ደግሞም ለእናንተ ይበጃችኋል። ዘመድ የሌለው፣ ፊቱ የማይታወቅ ልጅ በሠራው ሥራ ብቻ የሚለካበት ዕድል ነው።

ታዲያ ብዙው ልጅ የሚወድቀው የት መሰላችሁ? «ከተቆጣ ደንበኛ ጋር የገጠመህን ንገረኝ» ሲባል፣ «ደንበኛ ሲቆጣ በትዕግሥት አዳምጠዋለሁ፣ አረጋጋዋለሁ፣ ከዚያ መፍትሔ እሰጠዋለሁ» ይላል። ቆንጆ አነጋገር ነው። ግን ምንም አልሆነም እኮ! ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አልተረጋጋም። ይህን መልስ አንድም ደንበኛ አይቶ የማያውቅ ሰው ሊመልሰው ይችላል። «አደርጋለሁ» ስትሉ ራሳችሁን ከሰማችሁ ወዲያው ቁሙና «ለምሳሌ አንድ ቀን» በሉ። ይህቺ ሐረግ ብዙ ሰው አትርፋለች። «አንድ ቀን» ካላችሁ በኋላ ግሱ ራሱ ወዳለፈው ጊዜ ይወስዳችኋል።

አንዲት ልጅ የሰጠችኝን መልስ ላካፍላችሁ። ለሂሳብ ሠራተኛነት ነበር የመጣችው፤ የሥራ ልምዷ አንድ ዓመት አይሞላም። «ከባድ ችግር የፈታሽበትን ጊዜ ንገሪን» አልናት። ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለች።

«የወሩ ሂሳብ አልዘጋ አለ። ልዩነቱ 27 ነው። ትንሽ ቢሆንም ካልተገኘ አይዘጋም። ሁለት ሰዎች መደመሩን እንደገና ጀምረው ነበር። እኔ 27ን ለ9 አካፈልኩት። ልዩነት ለ9 እኩል ሲካፈል ብዙ ጊዜ የአንድ ቁጥር አሃዞች ተገላብጠው ስለሆነ ነው። 3 ደረሰኝ። ስለዚህ መደመሩን ትቼ መጨረሻቸው ላይ በ3 የሚበላለጡ አሃዞች ያሉባቸውን ቁጥሮች ብቻ መፈለግ ጀመርኩ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ 74 መሆን ያለበት 47 ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። ማን እንደጻፈው ከእጅ ጽሑፉ አወቅኩ። ኃላፊያችን ጋ ከመሄዴ በፊት እሱን ለብቻው አሳየሁት፤ አብረን አርመን አብረን ነገርናቸው። ሂሳቡ በማግሥቱ ጠዋት ተዘጋ። ከዚያ አንድ ሰው ሲያነብ ሌላው ምልክት እያደረገ እንድናስገባ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ተቀበሉት። ከሥራው እስክለቅ ድረስ እንዲህ ያለ ስሕተት አልደገመንም።»

ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። «ጥንቁቅ ነኝ» አላለችም፣ «የሰው ክብር እጠብቃለሁ» አላለችም። ያን ሁሉ ግን ሰማን። ከጎኔ የነበረው ጠያቂ 74 እና 47ን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጽፎ ሲቀንስ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ነው ሰውን የሚይዘው። ሥራ ያየ ሰው ሥራ ያየን ሰው በዝርዝር ይለየዋል።

ሁኔታው፣ ኃላፊነቱ፣ ድርጊቱ፣ ውጤቱ፤ መልስን በዚህ ቅደም ተከተል አዘጋጁ የሚል ምክር ሳትሰሙ አትቀሩም። ጥሩ ምክር ነው፣ እኔም አልቃወመውም። እኔ የምጨምረው ስለ መጠኑ ነው። ልጆች ሁኔታውን ሲያብራሩ ጊዜው ያልቅባቸዋል። መሥሪያ ቤቱ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ስንት ክፍል እንዳለው፣ አለቃው ከማን ጋር እንደማይስማማ። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሱት። ከጊዜያችሁ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለድርጊቱ ስጡ፤ ምን አሰባችሁ፣ ምን መረጣችሁ፣ ለምን ያንን መረጣችሁ። ውጤቱን ደግሞ አትርሱ። ብዙ ጊዜ መልሱ ጥሩ ሄዶ ሄዶ መጨረሻ ላይ «ከዚያ በቃ ተፈታ» ይባልና ይቀራል። በምን አወቃችሁ መፈታቱን? ቁጥር ካለ ቁጥር፣ ከሌለ የሆነውን ተናገሩ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «የተሳሳትክበትን ጊዜ ንገረን።»

እኔ ወጣት ሳለሁ ተጠይቄያለሁ። «ሥራ ላይ ከመጠን በላይ እጨነቃለሁ፤ ስሕተቴ እሱ ነው» አልኩ። ከሰው የሰማሁት መልስ ነበር። ጠያቂው ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «መቼ?» አሉኝ። አንዲት ቃል ብቻ። ደርቄ ቀረሁ። ያቺን «መቼ?» እኔም በኋላ ስንት ጊዜ ጠይቄያታለሁ! የተዋሰ መልስ እሷን አያልፍም።

እውነተኛ ስሕተት አምጡ። ሥራውን ጨርሶ የማያሰጣችሁን ማለቴ አይደለም፤ ግን ስሕተት ይሁን፣ ሰው የጎዳ ወይም ሥራ ያጓተተ። እኔ ሳዳምጥ ጆሮዬን የማቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው። ስሕተቱን ካወቃችሁ በኋላ ለሚመለከተው ሰው እስክትናገሩ ምን ያህል ጊዜ ወሰደ? «ያኑ ሰዓት ሄጄ ነገርኳቸው» የሚል ሰው ስሕተቱ ትልቅ ቢሆንም እቀጥረዋለሁ። ሦስት ቀን ደብቆ ሲታወቅበት የተናገረ ሰው፣ ስሕተቱ ኢምንት ቢሆንም ያሳስበኛል። የዘገያችሁበት ከሆነም እሱኑ ተናገሩ፤ ፈርቼ ዘገየሁ፣ መዘግየቴ ይህን አስከተለ፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ በሉ። ይህን በግልጽ የሚናገር ወጣት ብርቅ ነው።

ስለ ግጭት ሲጠይቋችሁ «ከማንም ጋር ተጋጭቼ አላውቅም» አትበሉ። ከሰው ጋር የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳይስማማ ቀርቷል። የድሮ አለቃችሁንም አትርገሙ፤ የእውነት በድለዋችሁ ቢሆንም። ጠያቂው እውነቱን የሚያጣራበት መንገድ የለውም፣ የሚያየው እናንተን ብቻ ነው። የዚያን ሰው ሐሳብ እሱ ቢሰማው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚለው መንገድ አስረዱ፤ ከዚያ የእናንተን አምጡ።

«የሥራ ልምድ የለኝም፣ ምን እናገራለሁ?» የምትሉ አላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትሠሩ አንዱ ጠፍቶባችሁ አያውቅም? በበጎ ፈቃድ ስትሠሩ ዕቃ አልጎደለም? ታናናሾቻችሁን ስታስጠኑ አንዱ አልገባው ብሎ መንገድ አልቀየራችሁም? ጠያቂው የሚፈልገው እንዴት እንደምታስቡና እንደምትሠሩ ነው። ይህ ደሞዝ ካልተከፈለበት ቦታም ይታያል።

ዝግጅቱን በተመለከተ፣ መቶ ጥያቄ ሰብስባችሁ መቶ መልስ አትሸምድዱ። የተሸመደደ መልስ ያስታውቃል፤ ጥያቄው ትንሽ ከዞረባችሁም ይጠፋባችኋል። ስድስት ወይም ሰባት የሆኑ ነገሮች በደንብ አስታውሱ። ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ጻፏቸው፤ ማን ነበር፣ ምን ተባለ፣ መጀመሪያ ምን አደረግኩ፣ ምን ፈራሁ። የሂሳቧ ልጅ ያችን አንድ ታሪክ ስለ ችግር አፈታት፣ ስለ ባልደረባ፣ ወይም አሠራር ስለ ማሻሻል ብትጠየቅም ልታቀርባት ትችል ነበር። የሥራ ማስታወቂያውን አንብቡና የትኛው ታሪክ ለየትኛው መስፈርት እንደሚሆን አስቡ። ካልመጣላችሁ «ትንሽ ላስብ» ማለት ነውር አይደለም። አሥር ሰከንድ ዝምታ ለእናንተ ይረዝማል እንጂ ለእኛ አይረዝምም። የሌላ ሰው ታሪክ ግን የራሳችሁ አታስመስሉ፤ ሦስተኛው ተከታታይ ጥያቄ ላይ ይያዛል።

ዛሬ ማታ አንዱን ታሪክ ስልካችሁ ላይ ቅዱት። ለማንም አታሰሙት። መልሳችሁ ስታዳምጡ እርሳስ ያዙና «እኛ» ወይም «አደረግን» ባላችሁ ቁጥር አንድ መስመር አስምሩ። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ያንን ነገር በእርግጥ ማን እንዳደረገው ጻፉ። የእናንተ ስም የወጣበትን ቦታ ሁሉ «እኔ» ብላችሁ እንደገና ተናገሩትና ቅዱት። መጀመሪያ ላይ አፋችሁ አልፈታ ይላል። ሦስተኛው ላይ የራሳችሁን ሥራ ከራሳችሁ አፍ ትሰሙታላችሁ።