ኦክ ዋንዛ አይደለም

ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ውስጥ እንጨት ሥራ የጀመራችሁ ሁሉ እጃችሁን የምታፍታቱት በዋንዛ ነው። ዋንዛ ቻይ ነው፤ ቢበላሽባችሁም ልጋችሁ ታስተካክሉታላችሁ። አንድ ቀን ግን ጣና ዳር የከረመ አሮጌ የካምፕ መኪና ያለው ሰው መጥቶ «ውስጡን አድሱልኝ» ይላችኋል። ገብታችሁ ስታዩት ቁም ሣጥኑም አልጋውም ኦክ የሚባለው የፈረንጅ ጠንካራ እንጨት ነው።

ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት አንድ መሳቢያ አውጥታችሁ ጠርዙን እዩ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ኮምፔንሳቶ ላይ የተለጠፈ፣ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር የማይበልጥ የኦክ ልብጥ ነው። በማሽን ሁለቴ ካመላለሳችሁበት የሥሩ እንጨት ብቅ ይላል፤ ያን ደግሞ ምንም ቀለም አይመልሰውም። ስለዚህ በእጅ፣ በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትላችሁ። የድሮውን ቅብ ለመለየት የማይታይ ጥግ ላይ አልኮል የነካ ጨርቅ አሹበት። ከለቀቀ ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟው የድሮ ቅብ) ነው፣ እፎይ በሉ። ካልለቀቀ ቲነር ሞክሩ።

ዋናው ጣጣ ጥቁሩ ነው። ኦክ ውስጥ ታኒን አለ፤ ቆዳ ለማልፋት ከዛፍ ቅርፊት የሚወጣው ያው ነገር። ታኒን፣ ብረትና ውሃ ከተገናኙ እንጨቱ ይጠቁራል። በየብሎኑ ራስ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ካያችሁ በመስኮቱ ጎማ ዝናብ ገብቷል ማለት ነው። ብትፍቁት አይለቅም፣ ልብጡን ነው የምትጨርሱት። ኦክሳሊክ አሲድ (ይህን ጥቁረት የሚያነጣ ዱቄት) በሙቅ ውሃ በጥብጡ፤ ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን ገጹን በሙሉ ቀቡ፣ አለዚያ በጥቁሩ ፋንታ ነጭ ቀለበት ይቀራችኋል። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ አጽዱ። ውሃ አታብዙ፣ ኮላው ይለቃል። ሳይጸዳ ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት፤ ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ነው።

የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እዚያ መኪና ውስጥ እንዳይገባ። የሚተወው የብረት ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ ነጥብ ነጥብ እያለ ይጠቁራል። ብሎኑንም በነሐስ ቀይሩ። የመስኮቱን ጎማ ሳይቀይር እንጨት የሚያድስ ባለሙያ (ስንቱን አየሁ!) የደንበኛውን ብር ጣና ውስጥ እየጣለ ነው።

በክረምት ላከር (ቶሎ የሚደርቀውን የሚረጭ ቅብ) አትርጩ፤ እርጥበት ይዞ ነጭ ጉም ይለብሳል። በበጋም ቢሆን በጠዋት ቀቡ። የዘጌ ጀልባዎች በጠዋት የሚወጡት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ነው፤ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ያው ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣል።

እጅ ያለሰለሰውን የጠረጴዛ ጠርዝ እኔ አልነካውም። «አዲስ አስመስለው» የሚል ደንበኛ ሲመጣ እከራከራለሁ፤ አንዳንዴም ሥራውን ለሌላ እለቃለሁ። እናንተ የቤት ኪራይ ስላለባችሁ እንደ እኔ ሁኑ አልልም።

የተልባ ዘይት ከቀባችሁ ጨርቁን ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፤ ጥቅሉ ሙቀቱን ያፍነውና ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። ደጅ ነጠላ ነጠላውን ዘርጉት፣ ወይም ውሃ ባለበት የብረት ባልዲ ውስጥ ንከሩት። እዚያው መኪና ውስጥ የጋዝ ሲሊንደርም አለ።