ስለ ግራንድ ፍሊት ለጠየቃችሁኝ

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጻፍኩትን ካነበባችሁ ብዙዎቻችሁ ስለ ባሕሩ ውጊያ ጠይቃችሁኛል። አብዛኛው ጥያቄ ግራንድ ፍሊት ስለሚባለው የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ስብስብ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ግራንድ ፍሊት መቼ ተቋቋመ? ከምንስ ተነሥቶ? (ከሐዋሳ)

ስሙ የመጣው በኦገስት 1914፣ ጦርነቱ እንደፈነዳ ነው። መርከቦቹ ግን ቀድመው ተሰናድተዋል። ያሰናዷቸው አድሚራል ጆን ፊሸር ናቸው። በ1904 የባሕር ኃይሉን የበላይነት ሲይዙ የእንግሊዝ መርከቦች በየባሕሩ ተበትነው ነበር። ያረጁትን አስወገዱ፤ ጠንካሮቹን ወደ አገር ቤት ሰበሰቡ። ጀርመን እዚያው ጎረቤት ትልቅ ባሕር ኃይል እየገነባች ነበርና። በ1906 ደግሞ ድሬድኖት የተባለችው መርከብ መጣች። አሥር ባለ 12 ኢንች መድፎች ነበሯት። በእንፋሎት ተርባይን በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። እሷ ስትመጣ ከእሷ በፊት የተሠሩት ሁሉ ጊዜ አለፈባቸው።

የአገር ቤቱን ባሕር የሚጠብቀው የመርከቦች ስብስብ፣ ሆም ፍሊት፣ በ1907 እንደ አዲስ ተዋቀረ፤ በ1909 ቻነል ፍሊት የተባለውን ሌላ ስብስብ ጠቀለለ። ግራንድ ፍሊት የወጣው ከዚህ ነው። ጦርነቱ ሊታወጅ ሰዓታት ሲቀሩት አዛዡ አድሚራል ካላሃን ተነሡና ጆን ጄሊኮ ተሾሙ። ጄሊኮ ራሳቸው በዚያ ሰዓት አዛዥ መቀየሩን ተቃውመው ቴሌግራም በላይ በላዩ ልከው ነበር። ሰሚ አላገኙም።

የሐበሻ መሳፍንት መስለው የእንግሊዝን የጦር መርከብ ያታለሉ ሰዎች ነበሩ ይባላል። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

እውነት ነው። ጊዜው ፌብሩዋሪ 1910፣ መርከቧም የሆም ፍሊት ዋና መርከብ የነበረችው ያቺው ድሬድኖት ናት። ሆራስ ዴ ቪር ኮል የሚባል ሰውና አምስት ጓደኞቹ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስም የሐሰት ቴሌግራም አስላኩ። ከዚያ ከለንደን በባቡር ዌይመዝ ወረዱ። አራቱ ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል፤ ጢም ለጥፈዋል፤ ጥምጣም ጠምጥመዋል። አንዷ ኋላ ታዋቂ ደራሲ የሆነችው ቨርጂንያ ዉልፍ ናት። ያኔ 28 ዓመቷ ነበር። ወንድሟ አስተርጓሚ ሆኖ የላቲንና የግሪክ ግጥም እያጣመመ ያነበንባል። የመርከቧ ሙዚቀኞች የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላገኙ የዛንዚባርን ተጫወቱ። ምግብ ሲቀርብላቸው ቀለሙ እንዳይለቅ ብለው አልበሉም።

ይህን ታሪክ ፈረንጆቹ እንደ ቀልድ ነው የሚያወሩት። እኔን ግን ያመኛል። ዓድዋ ካለፈ ገና 14 ዓመቱ ነው። አጼ ምኒልክ በሕይወት አሉ። የዓለም ትልቁ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ ላይ ግን ያ ልብስ የኛ እንዳልሆነ፣ ያም ቋንቋ አማርኛ እንዳልሆነ የነቃ አንድ መኮንን አልተገኘም።

በጁትላንድ ማን አሸነፈ? (ከሲያትል፣ ከሌሎችም)

የጁትላንድ የባሕር ውጊያ የተጀመረው ሜይ 31 ቀን 1916 ነው። ከዴንማርክ ምዕራብ 151 የእንግሊዝና 99 የጀርመን መርከቦች ተገናኙ። እንግሊዝ 14 መርከብና ከ6,000 በላይ ሰው አጣች። ጀርመን 11 መርከብና ከ2,500 በላይ ሰው። በቁጥር ካያችሁት ጀርመን ቀንቷታል።

የእንግሊዝን ቁጥር ያበዛው የሦስት ባትል ክሩዘሮች (ፈጣን ግን ብረት ልባሳቸው የሳሳ ትልልቅ የጦር መርከቦች) ፍንዳታ ነው። ከሦስቱ አንዷ በሆነችው ክዊን ሜሪ ላይ ብቻ 1,266 ሰው አለቀ፤ የተረፈው ሃያ ገደማ ነው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ጥፋቱን ከባሩድ አያያዝ ጋር ያገናኙታል። ቶሎ ቶሎ ለመተኮስ ሲባል ባሩዱ ከግምጃ ቤቱ ውጭ ይከመር ነበር፤ በሩም ክፍት ይተው ነበር። የመድፉ ማማ ሲመታ እሳቱ በቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል። ላየን የተባለችው መርከብም እንደዚያው ልትጠፋ ነበር። ያዳናት ሻለቃ ፍራንሲስ ሃርቪ ነው። ቁስሉ ለሞት የሚያደርስ ነበር፤ እሱ ግን በድምፅ ማስተላለፊያው ቱቦ የባሩድ ግምጃ ቤቱ በውኃ እንዲሞላ አዘዘ። መርከቧ ተረፈች፤ እሱ ሞተ። ከሞተ በኋላ የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጠው።

እኔ ግን ያሸነፈው ግራንድ ፍሊት ነው እላለሁ። በማግስቱ ሰሜን ባሕር የማን ነበር? የእንግሊዝ። ጀርመኖቹ ከዚያ በኋላ ብቅ ቢሉም ይህን ኃይል ፊት ለፊት ደግመው አልገጠሙትም። እንግሊዝ በጀርመን ላይ የጣለችው የባሕር እገዳም አልተነሣም። ጄሊኮን ፈሪ የሚሏቸው አሉ። ቸርችል ግን ከሁለቱም ወገን በአንድ ከሰዓት ጦርነቱን በሙሉ ሊሸነፍ የሚችል ብቸኛ ሰው እሳቸው እንደሆኑ ጽፈዋል። ያን ሸክም ተሸክሞ መጠንቀቅን ፍርሃት ማለት አልችልም።

ውጊያ ከሌለ መርከበኞቹ ምን ይሠሩ ነበር? (ከባሕር ዳር)

የድንጋይ ከሰል ይጭኑ ነበር! ዋናው ሰፈራቸው በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ ያለው ስካፓ ፍሎው ነው። ክረምት ላይ ቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ነፋሱ አያድርስ ነው። ከሰሉ ከዌልስ ማዕድን በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ ይመጣል። መርከቦቹ ከቅኝት በተመለሱ ቁጥር መኮንኑም ተራውም አካፋ ይዞ ይወርዳል። አንዱ ጆንያ መቶ ኪሎ ገደማ ነው። ሙዚቀኞች ሠራተኛው እንዳይዝል ይጫወታሉ። አቧራው ዓይን፣ አፍንጫ፣ ምግብ ውስጥ ይገባል። ሲያልቅ መርከቧ በሙሉ ትታጠባለች። በነዳጅ ዘይት የሚሄዱት አዲሶቹ መርከቦች ላይ የተመደበ ዕድለኛ ነው።

በመጨረሻ ምን ሆነ? ዛሬ የሚታይ ነገር አለ? (ከለንደን)

በ1916 መገባደጃ ዴቪድ ቢቲ ጄሊኮን ተኩ። ኖቬምበር 21 ቀን 1918 የጀርመን መርከቦች መጥተው እጅ ሰጡ። በ1919 ጁን ላይ ስካፓ ፍሎው እንደታሰሩ የገዛ መርከበኞቻቸው አሰጠሟቸው፤ 52 መርከቦች። ግራንድ ፍሊት ያኔ ፈርሷል፤ የተበተነው በኤፕሪል ነው።

ከለንደን የጠየቅሽኝ፣ አንቺ እዚያው አገር ስላለሽ ሰሜን አየርላንድ ያለችው ቤልፋስት ብትሄጂ ጥሩ ነው። ጁትላንድ ላይ የተዋጋችው ካሮላይን የተባለች መርከብ እዚያ ሙዚየም ሆና ቆማለች። ከሰመጡት የጀርመን መርከቦች ደግሞ ሦስት ትልልቅ የጦር መርከቦችና አራት አነስ ያሉ ፈጣን ክሩዘሮች ዛሬም ስካፓ ፍሎው ሥር አሉ። ጠላቂ ዋናተኞች ይጎበኟቸዋል።