ሃልሽታት፦ ከቪየና ደርሶ መልስ ወይስ አዳር?

እህቴ፣ «ቅዳሜ ከቪየና የኦስትሪያዋን የሐይቅ ዳር ከተማ ሃልሽታትን ደርሶ መልስ ማየት ይቻላል ወይ? እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ይቻላል፣ ግን አልመክርሽም። በባቡር መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። የምትደርሱትም በሀበሻ ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ 10 ባለው፣ አስጎብኚ አውቶቡሶች ሰው በሚያራግፉበት ሰዓት ነው። የነዋሪው ቁጥር አንድ ሺህ በማይሞላ ከተማ፣ በተራራና በሐይቅ መሃል በተጣበቀች አንድ ቀጭን መንገድ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲተላለፍ ለእናትሽ መቆሚያም አይገኝ። አንድ ሌሊት እደሩ። ከተማዋ የምታምረው ማለዳና ማታ ነው።

ብዙውን ጊዜ አትናንግ ፑክሃይም ላይ ባቡር ትቀይራላችሁ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ በግራ ተቀመጡ፣ ትራውንዜ ሐይቅ በዚያ በኩል ነው፤ «ባድ ኢሽል» የምትባለውን ከተማ ካለፋችሁ ወደ ቀኝ መቀመጫ ተዛወሩ። የሃልሽታት ባቡር ጣቢያ ያለው ከከተማዋ ማዶ ስለሆነ በጀልባ ትሻገራላችሁ፤ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጀልባው ባቡሩን ጠብቆ ይነሳል፤ ትኬቱ ግን ለብቻው ነው፣ ጥሬ ዩሮ ያዙ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ ጀልባው አመሻሽ ላይ ሥራ ያቆማል፣ ባቡሩ ግን ከዚያ በኋላም ይመጣል። ከመሸባችሁ እዚያ አትውረዱ፤ ቀጥሎ ያለው ኦበርትራውን ላይ ወርዳችሁ ታክሲ ጥሩ። ማደሪያም እዚያው ኦበርትራውን ብትይዙ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

የጨው ማዕድኑን አትለፉት። ሰው እዚያ ጨው ማውጣት ከጀመረ ሰባት ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ውስጡ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1344 የተሠራ የእንጨት ደረጃ አለ፤ ጨው እንዳይበሰብስ ጠብቆት እስካሁን ቆይቷል። ወደ ላይ የሚያወጣው በገመድ የሚጎተት ባቡር ነው፤ ለጥገና ወይም በብርዱ ወራት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቀኑን ቀድመሽ አጣሪ። ከላይኛው ጣቢያ እስከ ማዕድኑ በር ግን ሩብ ሰዓት ያህል ዳገት ይቀራል፣ ውስጡም ደረጃ አለው። እናትሽ ከተማዋን ከ360 ሜትር ከፍታ ከምታሳየው መመልከቻ አካባቢ አረፍ ብለው ቢጠብቋችሁ ይሻላል። ማዕድኑ ውስጥ በሞቃቱ ወራትም 8 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ለልጁ ሹራብ ያዢለት። 64 ሜትር የሚረዝመውን የእንጨት መንሸራተቻ ይወደዋል፤ ከፈራ በጎኑ ደረጃ አለ።

የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ከ1,200 በላይ የራስ ቅል ይዟል፤ ከግማሽ የሚበልጠው ላይ አበባና ስም ተሥሏል። መቃብር ቦታው ጠባብ በመሆኑ አጽሙ ከዓመታት በኋላ ይወጣና ለአዲስ ሟች ቦታ ይለቀቅ ነበር። ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ግቡ፣ ለልጁም አስቀድመሽ ንገሪው። ወደዚያ የሚያወጣው መንገድ ደረጃ የበዛበት ነው።

ሻንጣ ባለጎማ ቢሆንም አይጠቅምም፤ በጀርባ የሚያዝ ይሻላል። ቤቶቹ የሰው መኖሪያ ናቸውና በር ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ነዋሪውን ያስቀይማል። እሁድ የኦስትሪያ ሱቅ አብዛኛው ዝግ ስለሆነ የመንገድ ስንቃችሁን ቅዳሜ ግዙ።